በሮቹ እንደነበሩ ናቸው

አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ትዝታ ካለው ተቸግሯል። ሄዶ የሚያየው ነገር የለማ! ተማሪ ሳለን ሻይ በፓስቲ የምንቀምስባት ቤት ፎቅ ሆነች፤ ፎቁም ብዙ ሳይቆይ ለሌላ ፎቅ ቦታ ለቀቀ። ልጄን ይዤ ፒያሳ ብወጣ የማሳየው ሰፊ መንገድና የተከረከመ ሣር ነው። "እዚህ ጋ የሲዲ ሱቅ ነበረች" ስለው ቦታውን ትቶ እኔን ያያል፤ አንጀቱን ሳልበላው አልቀረሁም። ከተማው አማረ እንጂ አልከፋም፤ መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱ በራ፣ እግረኛም መሄጃ አገኘ። ይህን አልክድም። ግን ሰው የገዛ ሰፈሩ መሀል ቆሞ መንገደኛ ሲጠይቅ፣ መንገደኛውም "እኔም ለአካባቢው እንግዳ ነኝ" ሲለው ደስ አይልም።

እኔ ግን ያልፈረሰ አንድ ሰፈር አለኝ። ዐይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ። እንደገባችሁ በስተግራ ደረጃ አለ፤ ደረጃውን ስትጨርሱ አረንጓዴ የደረት ጥሩር ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። በመስኮት ወደ ውጭ ብታዩ ግቢ አለ፤ ግቢው ውስጥ የሚያስጎመጅ ነገር ተቀምጧል፤ መውጫው ግን አይታይም። ወደ ፊት ስትቀጥሉ አረንጓዴ መርዝ የሞላው ኩሬ፣ በኩሬው ላይ ደግሞ የተጠማዘዘ መሻገሪያ ታገኛላችሁ። ከማዶ፣ ከፍ ካለ መደብ ላይ፣ አንድ ቡናማ ጭራቅ እሳት ይወረውርባችኋል። ሰላምታው ነው። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ቆሞ ያንኑ እሳት ይወረውራል። የመልሶ ማልማት ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም፤ ካርታ አምጣ ያለውም የለም። ቦታው ከማርስ ጨረቃዎች አንዷ ላይ ነው፤ ጌሙም ዱም ይባላል።

ለማያውቅ ላስረዳ። በዚህ ዓይነቱ ጌም ራሳችሁን አታዩም። ስክሪኑ የእናንተ ዐይን ነው። ከታች ጠመንጃ የያዘ እጅ ብቅ ብሏል፤ የቀረው ኮሪደር ነው፣ በር ነው፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ ለእናንተ በጎ የማያስብ ፍጡር አለ። እኛ በቀላሉ "የተኩስ ጌም" እንለው ነበር።

እናቴ ነገሩ ፈጽሞ አይገባትም ነበር። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከተማው በተኩስ ሲናወጥ ፍራሽ አውርዳ እኛን ከግድግዳ ሥር ያስተኛች ሴት ናት። ልጇ የታክሲ ሳንቲሙን አጠራቅሞ ተኩስ ፍለጋ ሲሄድ ምን ትበል? "እውነተኛው አንሶህ ነው?" አለችኝ አንድ ቀን። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ በዚያኛው ተኩስ እኛ ፍራሹ ላይ በደረታችን ተኝተን ነበር፤ በዚህኛው ግን በሩን መቼ እንደምከፍት የምወስነው እኔ ነኝ እላት ነበር። ባትስማማም ትሰማኛለች።

ዱምን የሠሩት ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አጠገብ ባለች መስኪት በምትባል ከተማ ቢሮ የነበራቸው ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ኩባንያቸው ኢድ ሶፍትዌር ይባላል። ጆን ካርማክ የጌሙን ሞተር ይጽፋል፤ ጆን ሮሜሮ ደግሞ ኮሪደሩንና ወጥመዱን ይነድፋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ዎልፈንስታይን ተጫዋቹን የናዚ ምሽግ ውስጥ አስገብቶ፣ መጨረሻ ላይ ሂትለርን ራሱን ብረት ለበስ አድርጎ የሚያመጣ ጌም ነበር። ዱም ደግሞ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1993 ወጣ። አሻሻጣቸው ብልሃት ነበረው፤ የመጀመሪያውን ክፍል በነጻ ለቀው "ለወዳጆቻችሁም አካፍሉ" አሉ፤ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች የፈለገ ከፍሎ ያስመጣል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ነጻውም የሚከፈልበትም ባንድነት ነጻ ሆኖ ነው የደረሰው። ማን አመጣው? ከየት መጣ? ፍሎፒ ዲስክ አባት የለውም።

አሜሪካ ውስጥ ጌሙ ሌላ ጣጣ አመጣ። የመጀመሪያው ቅጂ በኔትወርክ ሲጫወቱት መልእክቱን ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ኮምፒውተር ይበትን ስለነበር የዩኒቨርሲቲውና የመሥሪያ ቤቱ መስመር ተጨናነቀ። ዱም መጫወት ክልክል ነው ብለው ማስታወቂያ ያወጡ ነበሩ። እኛ በዚህ በኩል ችግር አልገጠመንም፤ ኔትወርክ አልነበረንም።

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር የሚገኘው ማሠልጠኛ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ "ጫማ አውልቀው ይግቡ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ አቧራ ኮምፒውተሩን ይገድለዋል ተብሎ ነው። ኮምፒውተሮቹ ሥራ ሲፈቱ ዳንቴል ይለብሳሉ። እኛም ጫማችንን በረንዳ ላይ ደርድረን፣ የጓደኛችን ካልሲ የሚልከውን ሽታ በትዕግሥት እየተቀበልን ዶስና ሎተስ እንማራለን። አስተማሪው ለምሳ ሲወጡ አንዱ ፍሎፒውን ከደብተሩ መሀል ይመዛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በካልሲ ነው ያደረግነው። ሲኦል ተበርግዶ የማርስን ጨረቃ ያጥለቀለቀውን ጭራቅ ሁሉ በካልሲ ሆነን ፈጀነው። የጌሙ ጀግና እግሩን በወፍራም ቦት ጠፍንጓል፤ የእኔ አውራ ጣት ግን በካልሲው ቀዳዳ አጮልቆ ሲሚንቶው ላይ ይንቀጠቀጣል።

በር ላይ ዘብ እናቆም ነበር። በዚያ ዘመን አንዳንድ ጌሞች አለቃ ሲመጣ የሚነካ ቁልፍ ነበራቸው፤ ተጫኑት ማለት ጌሙ ተሰውሮ የሥራ ሠንጠረዥ መሳይ ነገር ይመጣል። እኛ ከዚህ የቀለለ ዘዴ ነበረን፤ "መጣ!" ሲባል ሞኒተሩን ማጥፋት። የዶስም ስክሪን ጥቁር ነው፣ የጠፋም ሞኒተር ጥቁር ነው፤ ከሩቅ ማን ይለየዋል?

"ምን እየሠራችሁ ነው?"

"ዶስ ነው፣ ቲቸር።"

ሞኒተሩ ጠፋ እንጂ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሲፒዩ አልጠፋም። ጭራቁ ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ያጉረመርማል። ቲቸር ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩና "ይሄ ቬንቲሌተሩ ሊበላሽ ነው መሰል፤ እንዳትነኩት" ብለው ሄዱ። እስከ ዛሬ ድረስ አውቀው ይሁን ሳያውቁ እርግጠኛ አይደለሁም። መልካም ሰው ነበሩ።

አሁን ጎልምሼ ዱምን እንደ አዲስ ስጫወተው ያኔ በጥድፊያ ያላየሁትን አያለሁ። ለምሳሌ ከስክሪኑ ግርጌ መሀል ላይ የጀግናው ፊት አለ። ግራ ቀኝ ይገላምጣል፤ ሲመታ ይደማል፤ ጤናው ባነሰ ቁጥር ፊቱ እየተበላሸ ይሄዳል፤ አዲስ መሣሪያ ከመሬት ሲያነሳ ደግሞ ጥርሱን ገልጦ ይፈግጋል። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ስቀመጥ ያ ፊት ትዝ ይለኛል። ሰውዬው አንገቱን ወደ ላይ ማቅናትም ሆነ ወደ ታች ማጠፍ አይችልም፤ መዝለልም አያውቅም። ጭራቁ ሰገነት ላይ ቢሆን ጠመንጃውን ቀጥ አድርጎ ይተኩሳል፤ ጥይቱ ራሱ አስቦበት ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ ይህ የኮምፒውተሩ አቅም ማነስ ነበር። ዛሬ እኔም አንገቴን እንደ ልቤ ስለማላዞር ተግባብተናል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ማጣላቱ ነው። የአንዱ ጭራቅ ጥይት ወይም እሳት ሌላ ዓይነት ጭራቅ ካገኘ፣ የተመታው እናንተን ትቶ ወደ መታው ይዞራል። ስለዚህ ብልጥ ተጫዋች ጥይት አያባክንም፤ መሀላቸው ይገባና ዞር ይላል። እነሱ እርስ በርስ ሲቦጫጨቁ ጥግ ይዞ ይመለከታል፤ በመጨረሻ የቆሰለውን አንዱን ብቻ ይጨርሳል። ይህን ስልት ሥራ ዓለም ከገባሁ ወዲህ በስብሰባ ላይ በዐይኔ ያየሁት ሲሆን፣ እውነቱን ለመናገር እዚያ ጥግ ይዤ የምመለከተው እኔ አልነበርኩም።

ኩባንያው ውስጥም ቀልድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በሁለተኛው ዱም የመጨረሻው ጠላት ግድግዳ የሚያክል ባለ ቀንድ ፊት ነው። ግንባሩ ላይ ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ውስጥ ሮኬት መክተት ያስፈልጋል። በቀዳዳው አልፎ ማየት የቻለ ሰው የሚያገኘው በእንጨት ላይ የተሰካ የጆን ሮሜሮን ጭንቅላት ነው። ባልደረቦቹ ለቀልድ ደብቀው ያስገቡት ነው። ሮሜሮ ሲደርስበት አልተቆጣም፤ እንዲያውም ጌሙን ለማሸነፍ እኔን ግደሉ የሚል ድምፅ ቀድቶ፣ ድምፁን ወደ ኋላ አዙሮ ለጭራቁ ሰጠው። ሥራ ፈጣሪን ጭንቅላቱን ቆርጠው የሚሸልሙበት መሥሪያ ቤት እኔም አውቃለሁ፤ ድምፅ ቅዳ የተባለበትን ግን አላውቅም።

አንድ ሌላ ነገር። ማሠልጠኛው ያስተማረኝን የሎተስ ቀመር በሙሉ ረስቻለሁ፤ ሰርተፍኬቱም የት እንደገባ የማውቀው ነገር የለም። "አይ ዲ ዲ ኪው ዲ" የምትለዋን አምስት ፊደል ግን ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ዱም እየተጫወታችሁ እነዚህን በተከታታይ ከመታችሁ ምንም ነገር አይገድላችሁም። የጀግናው ዐይን ወርቅ ይሆናል። ይህችን ምስጢር ከአንድ ከፍ ያለ ተማሪ ለማግኘት ስንት ፓስቲ እንደጋበዝኩት ባልናገር ይሻላል።

ከዱም በኋላ የመጡትን ሁሉ አልዘረዝርም። ክዌክ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፤ እዚያ አንገትን ቀና አድርጎ ማየት ይቻላል፤ ድምፁን የሠራው የናይን ኢንች ኔይልስ ሰው ትሬንት ሬዝነር ስለሆነ የሚስማር ጥይቱ ሳጥን ላይ የባንዱ ምልክት ታትሟል። ዱክ ኑከም ስሪዲ በዚያው ዓመት ወጣ፤ ተከታዩ ግን እ.ኤ.አ. በ1997 "ይመጣል" ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2011 መጣ። አሥራ አራት ዓመት! ሲመጣ ደግሞ የጠበቁትን አሳዘነ። ግንባታው ተጓተተ ተብሎ የሚወቀስ ተቋራጭ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሃፍ ላይፍ ግን ቆም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። ጀግናው ጎርደን ፍሪማን ከኤምአይቲ በፊዚክስ ፒኤችዲ ያለው ሰው ነው። ጌሙ ሲጀምር ወደ ሥራ በባቡር እየሄደ ነው፤ ለረጅም ደቂቃዎች ተኩስ የሚባል ነገር የለም፤ ዝም ብሎ ተሳፍሮ በመስኮት ማየት ብቻ። ቢሮ ሲደርስ አርፍደሃል ይሉታል። ከዚያ ይህ ሁሉ ትምህርት ያለው ሰው የሚሰጠው ሥራ ምንድን ነው? ጋሪ መግፋት። ናሙና የተጫነበትን ጋሪ ወደ ጨረሩ ይገፋል፤ ዓለም ይገለባበጣል። ከዚያ በኋላ ሚስማር በሚነቀልበት ቆልማማ ብረት እየተደባደበ ሕይወቱን ያተርፋል። አንድም ቃል አይናገርም። የእኛ አገር የፒኤችዲ ባለቤቶች ይህን ጌም ሲጫወቱ በጣም ይመሰጣሉ፤ ምክንያቱን አልጠየቅኳቸውም።

እኛ ሰፈር የነገሠው ግን አይጂአይ ነው። ኢነርሉፕ የተባለ የኖርዌይ ስቱዲዮ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ወጣ። ስቱዲዮው ከዚያ በፊት የጦር አውሮፕላን ማብረሪያ ጌም ሠርቶ ስለነበር መሬቱ የተለካው ለአውሮፕላን ነው፤ እኛ ግን ያንን ሁሉ ተራራና ሜዳ በእግር ነው የተመላለስንበት። ዴቪድ ጆንስ የሚባል ብቸኛ ሰላይ፣ 14 ተልዕኮ፣ አንድ ሽጉጥና አንድ ኮምፒውተር። ካሜራ ካየው ደወል ይጮኻል፤ ደወል ከጮኸ ከአንዲት ትንሽ ቤት ወታደር ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል። ስንት ሰው እንደሚያድርባት እንጃ፤ ለቤት ኪራይ የሚጣደፍ ሰው ሁሉ ያቺን ቤት ቢያይ ተስፋ ያገኛል።

አይጂአይ አንድ ጭካኔ ነበረው። በተልዕኮ መሀል ሴቭ ማድረግ የለም። ሞታችሁ ማለት ከአጥሩ ውጭ፣ ከመጀመሪያው። ለኖርዌይ ልጅ ይህ ፈተና ነው፤ ለእኛ ፍርድ ነበር። ያኔ የምንጫወትበት ኢንተርኔት ቤት ሂሳብ የሚቆጥረው በደቂቃ ነው። ሠላሳ ዘበኛ በየተራ አሳርፌ፣ በሆዴ ተስቤ፣ የመጨረሻው መሰላል ላይ ስደርስ መብራት እልም! ለአፍታ ቤቱ ፀጥ ይላል። ከዚያ ከየጥጉ "ኧረ በማርያም!" ይሰማል፤ ኢሜይል ሲጽፉ የነበሩ እናት፣ ዲቪ ሲሞላ የነበረ ወጣት፣ እኔ። ባለቤቱ ሻማ እየለኮሰ ሂሳቡን ይጠይቃል። "ሳልጨርስ እኮ ነው የጠፋው!" ስለው፣ "ጌምህን እንጂ ደቂቃህን ጨርሰሃል" ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ግን እውነት ሁሉ በሻማ አይነገርም።

ካውንተር ስትራይክ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ካናዳ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሚን ሌ ከጄስ ክሊፍ ጋር ሆኖ በሃፍ ላይፍ ሞተር ላይ የሠራው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ በ2000 ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ ራሱ አወጣው። እዚህ ጭራቅ የለም። የምትገድሉት ከጎናችሁ የተቀመጠውን ጓደኛችሁን ነው። የሞተ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ አይነሳም፤ ቁጭ ብሎ ሌላውን ያያል። መከራው እዚህ ላይ ነው። በሕይወት ሳለ ምንም የማያውቅ ልጅ ከሞተ በኋላ አሠልጣኝ ይሆናል። "በግራ! በግራ በል! አይ፣ አንተ ልጅ! ቦምቡን ጣል! እንዳትጥል!" አንድ ብቻ የቀረው ምስኪን ዘጠኝ ሙታን ጀርባው ላይ ቆመው እየጮኹበት ቦምብ ያከሽፋል። እኔ ይህን ያለፈ ሰው የሥራ ቃለ መጠይቅ ያስፈራዋል ብዬ አላምንም።

ዳስት ቱ የሚባለውን ካርታ የሠራው እንግሊዛዊው ዴቭ ጆንስተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። አሸዋማ ሰፈር ነው፤ ቅስት በር፣ የእንጨት ሳጥን፣ ጠባብ መተላለፊያ። መሀል ላይ ሁለት የማይገጥሙ ትልልቅ የበር መዝጊያዎች አሉ፤ በመሀላቸው ክፍተት አለ። ስናይፐር የያዘ ሰው ከማዶ ሆኖ ዐይኑን በዚያች ክፍተት ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ ጥቁር ነገር ሽው ሲል ይተኩሳል። ይህ በር እስከ ዛሬ አልተጠገነም። ጌሙ ስንት ጊዜ ታደሰ፤ ቀለሙ ተቀየረ፣ ግድግዳው ተለሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አዲሱ ካውንተር ስትራይክ ውስጥም ዳስት ቱ አለ፤ ክፍተቷም አለች።

ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ጓደኞቼ መካከል አንዱ ዛሬ ሜሪላንድ ነው፣ አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዱ ዱባይ። አዲስ አበባ የቀረን ሁለት ነን፤ ሁለታችን ደግሞ ትራፊኩን ስለምንፈራ አንገናኝም። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ማታ ዳስት ቱ ላይ እንሰበሰባለን። ሜሪላንድ ያለው ጠዋት ቡና እየጠጣ ነው፤ የዱባዩ ነገ ሥራ ስላለው ይጣደፋል። በማይክራፎን የምንነጋገረውን ለሰማ ግራ ይገባዋል። "እማማ እንዴት ናቸው? ስኳሩ ተሻላቸው?" "ደኅና ናቸው፤ መድኃኒት ቀየሩላቸ... ከኋላህ! ከኋላህ!" ሁላችንም ብዙ ጊዜ አንቆይም። ከሌላ አገር የመጡ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው የሚመስሉ ልጆች ይፈጁናል። ከአዲስ አበባ ሆኖ መጫወት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰርቨሩ ሩቅ ስለሆነ መልእክቱ ደርሶ እስኪመለስ ይዘገያል። በሩን አልፌ ከሳጥኑ ጀርባ ከተደበቅሁ በኋላ በሩ ላይ እንደሞትኩ ይነገረኛል። ይግባኝ የለውም።

ዕድሜም አለ። ባለፈው ሰሞን ዱምን ገና ሁለት ደረጃ ሳልጨርስ ማቅለሽለሽ ጀመረኝ። ዐይን "እየሮጥን ነው" ይላል፣ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን ጠባቂ "ወንበር ላይ ነን" ይላል፤ አንጎል ሁለቱን መዳኘት ሲያቅተው ጉዳዩን ወደ ሆድ ይመራዋል። ባለቤቴ ፊቴን አይታ "ምን በላህ?" አለችኝ።

"ምንም። ማርስ ደርሼ ነው።"

"ዝንጅብል ላፍላልህ?"

ይህ ያኔ አይደርስብንም ነበር። ምናልባት ካልሲው ነው።

ልጄን ዱም ላሳየው ሞከርኩ። ጥቂት ደቂቃ በትህትና ተጫወተ። "አባዬ፣ ሰውዬው ለምን አይዘልም?" "አባዬ፣ ጭራቆቹ ለምን ካሬ ካሬ ሆኑ?" "የሚገዛ ልብስ የለውም?" አለኝ። የለውም አልኩት። አዘነለት። የሱ ጌም ፎርትናይት ነው፤ ያኛው ጀግናውን ከኋላ ስለሚያሳይ ልብስ ቁምነገር ነው። እንደ አባት ልፈርድበት ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ስለ ጌሙ ሲያጫውተኝ ልቤ ተነካ። ቲልትድ ታወርስ የሚባል፣ ሁሉም የሚወርድበት የፎቆች ሰፈር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019 እሳተ ገሞራ ፈነዳና አፈረሰው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጠቅላላ ካርታው በጥቁር ጉድጓድ ተዋጠ፤ ለሁለት ቀን ገደማ ጌሙን የከፈተ ሁሉ የሚያየው ጉድጓዱን ብቻ ነበር። ከዚያ አዲስ ካርታ መጣ። ከዚያም ሌላ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ኩባንያው የድሮውን ካርታ ለአጭር ጊዜ ሲመልሰው፣ በአንድ ቀን 44.7 ሚሊዮን ሰው እንደገባ አስታወቀ። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው መቼም። የአምስት ዓመት ትዝታቸውን ሊያዩ የተጋፉ ልጆች!

እኔ የልጅነት ሰፈሬ እስኪፈርስ ጎልማሳ ሆኜ ነበር። የልጄ ሰፈር ግን በየጥቂት ወሩ ይነሳል፤ ካሳም የለው፣ ምትክ ቦታም በዕጣ። ኮንኮርድ የሚባል የተኩስ ጌም እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 ወጥቶ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተዘጋ። ገንዘቡ ለገዢዎች ተመልሷል። ቢሆንም አንድ ልጅ በዚያች ሁለት ሳምንት የወደደው ኮሪደር ካለ፣ ያ ኮሪደር ዛሬ የትም የለም። ጌሙ የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ባለቤቱ መብራቱን ሲያጠፋ ሁሉም ይጠፋል።

ሰው "የድሮ ጌም ይሻል ነበር" ሲል ልጅነቱን ናፍቆ ነው ይባላል። እኔ ግን ጉዳዩ የይዞታ ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ዱም ሙሉው ከ15 ሜጋባይት አይበልጥም፤ የዛሬዎቹ ትልልቅ ጌሞች 100 ጊጋባይት ያልፋሉ፤ ያንን ለማውረድ የወር ፓኬጄን ሰጥቼ የቀረውን መለመን አለብኝ። ዱም አንዴ እጅ ከገባ ማንንም አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት አይል፣ ማሻሻያ አይል፣ የይለፍ ቃል አይል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ካርማክና ጓደኞቹ የፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ስለለቀቁት ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ ባገኘው መሣሪያ ላይ ሲጭነው ይኖራል። በካልኩሌተር ሠርቷል፣ በማተሚያ ማሽን ሠርቷል፣ በትራክተር ስክሪን ላይ ሳይቀር ሠርቷል። ኩባንያው ነገ ቢዘጋ እንኳ ያ ቡናማ ጭራቅ ከመደቡ አይወርድም። ጨርሰው ሠርተው፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን ለእኛ ሰጥተውን ሄደዋል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ቁም ሣጥናችሁ ላይ፣ ሶፋ ሥር፣ ወይም እናታችሁ ቤት ባለ ካርቶን ውስጥ የድሮ ጌም ሲዲ ካላችሁ ለወፍ ማባረሪያ አትስቀሉት። ሲዲ ያረጃል፤ ጀርባው መላጥ ከጀመረ አይነበብም። ሳይረፍድ ወደ ፍላሽ ገልብጡት። አሁን ከሚሸጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ ሲዲ ማጫወቻ የላቸውም፤ እኔ ጋ ያለችው አሮጌ ላፕቶፕ ግን አላት፣ ትሠራለችም። አይጂአይ ያለው ሰው ካለ እኔው ራሴ እገለብጥለታለሁ፤ የኔዋ ሲዲ ሦስተኛው ተልዕኮ ላይ ትቆማለች።